እንዳይሄድ ሆኖ የተሰራው ብስክሌት

«እንዳይሄድ አድርገህ ስራልኝ...»

በላቸው የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገው።

«ምን አልሽኝ እህቴ?»

«ፔዳሉ ይዙር፣ የኋላ ጎማውም ይዙር... ብስክሌቱ ግን ካለበት ንቅንቅ እንዳይል። መቆሚያው ላይ በይደው።»

በላቸው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብስክሌት በትዕዛዝ ይሰራል። ባለ ሦስት ጎማም ሰርቷል። የማይሄድ ብስክሌት ያዘዘው ሰው ግን የለም!

እየሩስ ትባላለች። ከአምበር ነኝ ብላለች። ከዚያ ውጪ ስለ ራሷ ምንም አትተነፍስም።

ትዕዛዟ ደግሞ አያልቅም...

«ቀለሙ ጥቁር ይሁን፤ አዲስ ግን አይምሰል።»

«መቀመጫው የድሮው፣ የቆዳው ይሁን። ፊት ለፊት ክብ መብራት ከነዲናሞው...»

«የኋላ መጫኛውን አደራ አጠንክረው። ከባድ ነገር ይቀመጥበታል።»

የማይሄድ ብስክሌት... ከባድ ጭነት?!

ጎረቤቱ ገዳሙ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ይሄን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ በላቸው... ይቺ ልጅ ገበያ ለገበያ አሮጌ ዕቃ ስታጠያይቅ አይቻታለሁ። ቅርስ የሚያሸሹት እኮ እንዲህ ናቸው። የብስክሌቱ ቧንቧ ውስጥ ከተው ቢያሳልፉትስ?»

በቃ! ከዚያ ወዲያ በላቸው ሰላም አጣ።

አትፍረዱበት። እኛ ጋ አሮጌ ነገር የሚፈልግ እንግዳ ሰው ከመጣ፣ ቀድሞ ትዝ የሚለን የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው።

ሥራው ሊያልቅ ሲል እየሩስ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ስትፈታው... ዝገት የበላው የብስክሌት ደወል።

«ላጥራልሽ?»

«እንዳትነካው!» ጮኸች።

ደወሏ ከነዝገቷ ተገጠመች። የበላቸው ጥርጣሬም አብሮ ጠበቀ።

«እኔው ራሴ አምበር ድረስ አደርስልሻለሁ» አላት።

ደግነት እንዳይመስላችሁ! ገዳሙን «ስልክህን ይዘህ ጠብቅ፤ ነገር ካለ ለፖሊስ ትደውላለህ» ብሎት ነው የሄደው።

ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭነው አምበር ገቡ።

የግቢው በር ከውጭ ተቆልፏል። ከውስጥ ሰው ይደበድበዋል...

«ክፈቱልኝ! ምን አድርጌያችሁ ነው?»

በላቸው ኪሱ ውስጥ ስልኩን ጨበጠ።

እየሩስ በሩን ከፈተች። ኮት የለበሱ፣ ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ ቆመዋል።

«አባቴ ናቸው» አለች አንገቷን ደፍታ። «አስተማሪ ነበሩ። በብስክሌታቸው ከኋላ አፈናጠው ነው ትምህርት ቤት እየወሰዱ ያሳደጉኝ። አሁን ሁሉም ነገር ከትዝታቸው ጠፍቶባቸዋል... ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል ብለው ይወጣሉ። ባለፈው መኪና ሊገጫቸው ሲል ለጥቂት ተረፉ። ስቆልፍባቸው ደግሞ ያለቅሳሉ። አዲስ ብስክሌት ብገዛላቸው የኔ አይደለም ብለው ገፈተሩት። ከድሮው የቀረችው ይቺ ደወል ብቻ ናት... ሰው መሳቂያ እንዳያደርጋቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

በላቸው የሚገባበት ጠፋው።

አባቷ አቶ ይሄይስ ብስክሌቱን ዞሩት። መቀመጫውን ዳበሱ። መብራቱን አዩ። ፊታቸው አልፈታ አለ... እሳቸውም ተጠራጠሩ!

በመጨረሻ ደወሏን ነኳት።

ቅጭል...

«የታለሽ አንቺ? ነይ ተፈናጠጪ፣ ረፈደ!»

እየሩስ ሮጣ መጫኛው ላይ ወጣች። ያ ከባድ ነገር ለካ እሷ ነበረች...

ሽማግሌው ካሉበት ሳይነቃነቁ ፔዳሉን መቱት። እስኪያልባቸው መቱት። ከዚያ ደወሏን አንዴ አሰሟት።

«ደረስን። ውረጂ። ደብተርሽን እንዳትረሺ።»

«እሺ አባባ።»

በእፎይታ ተነፈሱ። የግቢው በር ከኋላቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል... ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

ከዚያ በላቸውን አዩት።

«አንተስ ምን ይገትርሃል ልጄ? አልረፈደብህም? ና ተፈናጠጥ።»

በላቸው ተፈናጠጠ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ... ገዳሙ ነው።

«እህሳ? ለፖሊስ ልደውል?»

«ተወው ገዳሙ...» አለ በላቸው እንባውን እየጠረገ። «ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነው።»

ወዳጆቼ... መጠንቀቅ ጥሩ ነው። ግን ያልገባንን ሁሉ ተንኮል ነው ብለን አንደምድም። የሚወደውን ሰው ክብር ለመሸፈን ብሎ አፉን የዘጋ ስንት ሰው አለ!

እስቲ ንገሩኝ... እናታችሁ ወይ አባታችሁ ሁሉን ነገር ቢረሱ፣ እናንተን የምታስታውሳቸው ዕቃ የትኛዋ ናት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ 👇