የአስረስ ቅስቀሳ

አምስት ዓመት ምክር ቤት የተቀመጠው ገበሬ፣ መዳፉ ለስልሶ እጁ ድምፅ ለመስጠት ብቻ ሲነሳ ሰለቸው። «በቃኝ! ዳግም አልወዳደርም፤ እርፌን ልጨብጥ» ብሎ አገሩ ገባ።

ጎረቤቱ አስረስ ግን ሽማግሌ ይዞ መጣ። «አንተ ከተውከን ማን ይናገርልናል?» ሲል እንባው ዱብ ዱብ አለ። ገበሬውም እሺ አለ። አስረስም ቤት ለቤት ዞሮ ቀሰቀሰና አስመረጠው።

ተመራጩ ወደ ከተማ ሊሳፈር ሲወጣ፣ አስረስ ከመንገዱ ዳር እያዜመ ያርሳል። ከጠመዳቸው በሬዎች አንዱ የአስረስ ነው፤ ሌላው ተመራጩ ከአምስት ዓመት በፊት «እስክመለስ አቀናጅተህ እረስበት» ብሎ የተወለት ቦራ ነው።

«ገና ነህ እንዴ?» አለ አስረስ ጅራፉን እያጮኸ፤ «ኧረ ፍጠን፣ አውቶቡሱ ጥሎህ እንዳይሄድ!»