ሰው ያለበት መኪና የማይጎትተው ሰውዬ

«ውረድ። ሰው ያለበት መኪና አልጎትትም።»

ልጁ ከተበላሸው ፒካፕ መሪ ላይ እጁን ሳያነሳ ገላመጠው…

«ታዲያ መሪውን ማን ሊይዝልህ ነው?»

«ማንም። የፊት ጎማዎቹ መጎተቻ ጋሪዬ ላይ ወጥተው ይታሰራሉ። አንተና እናትህ እኔ ጋ ጋቢና ትገባላችሁ።»

ልጁ እያጉረመረመ ወረደ።

ታሪኩን የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው… እንደነገረኝ ልንገራችሁ።

እናቱ ብቻዋን የምትኖርበትን ቤት ለቃ ከእሱ ጋር ልትኖር፣ እቃዋን ፒካፑ ላይ ጭነው ጠዋት ተነሱ።

ረጅሙ ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጸጥ አለ። ቢለው ቢለው አልነሳ አለ።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆመላቸው። «ገመድ አለኝ። አንተ መሪ ያዝ፣ እኔ እጎትትሃለሁ» አለው።

ልጁ ደስ ብሎት ሊያስር ሲል እናቱ ክንዱን ያዘችው።

«በገመድ አይሆንም።»

«እማዬ፣ ከሰዓት ሥራ መግባት አለብኝ እኮ።»

«በገመድ አይሆንም አልኩህ።»

ገመዱን ከእጁ ወስዳ ለሾፌሩ መለሰችለት…

ሾፌሩ የአንድ መኪና ጎታች ስልክ ሰጣቸው። «እኛ ቀስ-በቀስ ነው የምንለው። ያማርርሃል… ግን ያደርስሃል» ብሎ ሄደ።

ቀስ-በቀስ መጣ። ሃምሳን ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከመኪናው ኋላ ባለ ሁለት ጎማ መጎተቻ ጋሪ አስሯል።

መጀመሪያ ቁም ሳጥኑንና ፍራሹን ከፒካፑ አስወርዶ የራሱ መኪና ላይ ጫናቸው። «ከኋላ ከከበደ ቁልቁለት ላይ ይገፋኛል» አለ።

ከዚያ የፒካፑን የፊት ጎማዎች ቀስ አድርጎ ስቦ ጋሪው ላይ አወጣ። በሰፋፊ ቀበቶ ጠፈራቸው። በላዩ ሰንሰለት ጨመረ።

ከስር በጀርባው ገብቶ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ፈታ። «ካልተፈታ እየተጎተተ ካምቢዮው ይቃጠላል።»

ከኋላ መብራት አንጠለጠለ። ፍሬቻውን ሞከረ… ደግሞ ሞከረ።

አንድ ሰዓት አለፈ።

«ሰውዬ፣ መኪና ነው የምትጎትተው ወይስ ሙሽራ ነው የምታለብሰው?» አለ ልጁ።

ሰውየው ሰንሰለቱን ደግሞ ሳብ አድርጎ አየ።

ተነሱ። ገና ትንሽ እንደሄዱ ዳር ይዞ ቆመ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ጎማው ቦታውን ሲይዝ ቀበቶው ይላላል።»

ወርዶ አየው። እውነትም ላልቷል። አጠበቀው።

«ፈሪ ነህ» አለው ልጁ፣ ተመልሶ ሲገባ።

«አዎ… ፈሪ ነኝ።»

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቁ ወረዱ። ግማሽ ላይ አንድ ሚኒባስ ደርቦ ድንገት ፊታቸው ገባ። ሰውየው ፍሬን ያዘ። ኋላ ያለው ፒካፕ ተወዛወዘ… ግን ከጋሪው ንቅንቅ አላለም።

ልጁ ዞሮ በመስታወት አየ። ሰው የሌለበትን የሾፌር ወንበር አየ።

ጋራዥ ደረሱ። ሰውየው ሰንሰለቱን መፍታት ሲጀምር እናቱ አጠገቡ ቆመች።

«አላወቅከኝም?»

ቀና ብሎ አያት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሆነን። ፍርድ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር።»

ሰንሰለቱ ከእጁ አመለጠ።

«እርስዎ…» አለ።

ልጁ ግራ ገባው። «ምንድን ነው እማዬ?»

«አባትህ በመኪና አደጋ ሞተ ብቻ ነው ያልኩህ። ሞተሩ የጠፋ መኪና ውስጥ መሪ ይዞ፣ በገመድ እየተጎተተ ነበር። ቁልቁለት ላይ ገመዱ ተበጠሰ። ፍሬኑ አልያዘለትም። ከፊት ሆኖ ሲጎትተው የነበረው ጓደኛው… ይሄ ሰው ነው።»

ሰውየው ጋሪው ላይ ቁጭ አለ።

«እሱ ሌላ መኪና እንጠብቅ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ግባ፣ መሪ ያዝ፣ አሁን እንደርሳለን ያልኩት… ከእስር ስወጣ ይሄን ጋሪ በእጄ በየድኩት።»

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። «ለምን ደበቅሽኝ?»

«አራት ዓመትህ ነበር። የምትጠላው ሰው ይዘህ እንድታድግ አልፈለግኩም።»

«ዛሬስ? ካወቅሽው ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔ እንኳ ሳየው ደሜ ፈልቶ ነበር። አብሬው አልሄድም ልልህ ነበር… ከዚያ አንተን ውረድ ሲልህ ሰማሁ።»

ወደ ሰውየው ዞረች።

«ልጄን በደህና አደረስክልኝ… እግዜር ይስጥህ።»

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ልጁ አላቀፈውም። ይቅርም አላለውም። ምን እንደሚሰማው ራሱም አላወቀውም ነበር።

በመጨረሻ መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ስለ አባቴ ይንገሩኝ» አለው። «እኔ ፊቱን እንኳ አላስታውስም።»

ያን ቀን ልጁ ሥራ አልገባም።

ወዳጆቼ… ሲጠነቀቅ ያዘገየንን ሰው ለመሳደብ እንቸኩላለን። ጥንቃቄውን የት እንደተማረው፣ ምን ከፍሎ እንደተማረው ግን አንጠይቅም።

መንገድ ላይ መኪና ሲበላሽባችሁም አትቸኩሉ። የሚጠብቃችሁ ሥራ ነገም አለ።

እናንተ በእናትየው ቦታ ብትሆኑስ… አውቄሃለሁ ትሉት ነበር ወይስ ዝም ብላችሁ ትሄዱ ነበር?

ከልባችሁ የመጣውን ከስር ጻፉልኝ… አነባለሁ።