ጆሮው የወረደ ቀን

«አባዬ፣ አወረድኩት! ጆሮውን አወረድኩት!» አለች ወርቅያንሱ፣ ሊጠይቋት ለመጡት አባቷ መሣሪያውን ከፍ አድርጋ እያሳየች።

በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጆሮ ሳል በሰማ ቁጥር ድምፁን ለጅማ፣ ለሊማና ለሃኖይ ተመራማሪዎች ሲልክ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ሁሉም ባንድ ድምፅ «ቲቢ ከዓለም ጠፋ!» አሉ።

አባቷ አቶ ደባልቄ ፈነደቁ። ድሮ ሰው ቤት ሲደርሱ ደጅ ላይ «እህህም!» ይሉ ነበር። ጆሮው ከመጣ ወዲህ ግን ባሉ ቁጥር ሐኪም ከተፍ ስለሚል፣ ማጨብጨብ ጀመሩ።

«አሁንማ እንደ ወጉ ነው የምገባው!» ብለው ወጡና በሩን ዘጉ።

ወርቅያንሱ «ይግቡ!» ልትል እየሳቀች ጠበቀች።

ከደጅ የተሰማው ግን ጭብጨባ ነበር።