ጳጉሜን የዘለለው ኮድ

ቀዩ አልጠፋ አለ። ሪሀና ኮዱን እንደገና አስኬደችው፤ ያው ነው። የጎደለው የዝናብ መረጃ ሁሉ ስክሪኑ ላይ በቀይ ይውጣ ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት። ቀዩ ግን እንደ ወትሮው እዚህም እዚያም አልተበተነም፤ በየዓመቱ ነሐሴ አልቆ መስከረም ሳይጠባ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል።

የያዘችው ጥናት፣ ጎርፉን ሸሽተው ትምህርት ቤት የተጠለሉት የጎሮ ወንዝ ዳር ሰዎች መቼ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የሚል ነው። ያሳደጓት አክስቷ ሀቢባም ከእነሱ ጋር ናቸው።

የዝናብ መለኪያውን የሚያነበው ሰው ቀኑን የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ወደ ፈረንጁ የሚቀይረውን ኮድ የጻፈችው ግን ሪሀና ናት፣ ወሩን እስከ አሥራ ሁለት ብቻ እንዲያውቅ አድርጋ። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ እስኪደርስ ጳጉሜን ስትቆጥር ያደገች ልጅ አሥራ ሦስተኛውን ወር ትርሳው! ኮዱ ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ባዶ ተወው። እሷም ሪፖርቱን ስትሠራ ባዶውን ሁሉ በዓመቱ አማካይ ሞላችው፤ የጥርና የየካቲት ደረቅ ቀናት ሁሉ በገቡበት አማካይ። ጳጉሜ ካፊያ ብቻ ሆና ቀረች።

የጠፉትን ቀናት መልሳ አስገባች። ዝናቡ ከነሐሴ አላነሰም፤ አንዳንዱ ዓመት እንዲያውም ብሷል። ዛሬ ጳጉሜ ሁለት ነው።

«እዝራ! ሪፖርቱን እንዳትልከው!»

አለቃዋ እዝራ ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነበር። «ምን ነካሽ? ትናንት ለወረዳው ገባ እኮ። ሰዎቹንም ጠዋት መልሰዋቸዋል፤ ትምህርት ቤቱ ለምዝገባ ተፈልጓል።»

«ተሳስቻለሁ! ጳጉሜን በሙሉ ዘልዬዋለሁ!»

እዝራ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለና ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ወረዳው ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ ግን የለም።

በመስኮቱ ወደ ጎሮ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ሪሀና አክስቷ ጋ ደወለች።

«አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ቤታችን ገባን!» አሉ ሀቢባ። «ልጆቹን አጣጥቤ አሁን አስተኛኋቸው።»

«አክስቴ፣ ቀስቅሰዋቸው ውጡ! አሁኑኑ!»

«ኧረ ምን ሆነሻል? ያጠናው ያንቺው መሥሪያ ቤት ነው አሉን እኮ። ሰው ሁሉ ሲያመነታ፣ የኔ ልጅ ካለችበትማ ብዬ እኔ ነኝ ቀድሜ የገባሁት።»

«ተሳስቻለሁ! ይስሙኝ፣ ተሳስቻለሁ!»

«ጮክ በይ እስቲ» አሉ ሀቢባ እየሳቁ። «ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ድምፅሽ አይሰማኝም።»