ዘጠኝ ጊዜ ቀይ

እህትማማቾቹ በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት ክፍሎች ይሠራሉ። የሚቆጣጠሩት አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ዱቄት ያሞቃል፣ ሲሞቅ ስንት ክብደት እንደሚቀንስ ይለካል።

በወሩ መጀመሪያ አለቃቸው ዶክተሩ በየክፍላቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ረዳት አስገቡላቸው። ሊገጥም የመጣው ቴክኒሺያን ከየመሣሪያው ሥር ትንሽ ሣጥን አስሮ፣ የሣጥኑን ይለፍ ቃል ለዶክተሩ ብቻ ሰጠ። ረዳቱ ማንበብና መመዝገብ በራሱ ይችላል። ሙቀት ለመጨመር፣ ጋዝ ለመክፈት ወይም ሚዛኑን ለማስተካከል ግን ሰው መጠየቅ አለበት። ባለሙያዋ ከተስማማች አረንጓዴውን፣ ካልተስማማች ቀዩን ትጫናለች።

"አንድ ወር እንየው" አሉ ዶክተሩ። "ከዚያ እነዚህ ክፍሎች ይዘጋሉ። አንዳችሁ አምስት መሣሪያ ያለውን አዲሱን ቤተ ሙከራ ትረከባለች። ሌላዋ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ትገባለች።"

ታላቋ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ታናሿ አራት። ታላቋ ጥያቄ በመጣ ቁጥር በደብተሯ ትገለብጠዋለች፣ ከወንበሯ ትነሳለች፣ የእጅ ባትሪ ይዛ በመሣሪያው መስኮት ወደ ውስጥ ታያለች፤ የምትጫነው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ የተነሳ ታናሿ "ኤሊ" የሚል ስም አወጣችላት። ስሙም ተቋሙን አዳረሰ።

በሦስተኛው ቀን የታላቋ ረዳት ሙቀቱን ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ላድርሰው ወይ ብሎ ጠየቀ። ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ሳህን ነበር፤ ስድስት መቶ ስድሳ ላይ ይቀልጥና መሣሪያውንም ይዞት ይሄዳል። ቀዩን ተጫነች።

"ቀልደኛ!" አለችው። ረዳቱ ይቅርታ ጠይቆ ቀጠለ።

በሳምንቱ የመሣሪያው በር ሳይዘጋ ጋዝ ልክፈት አለ። ቀይ። ደግሞ ሌላ ቀን፣ ዕቃ የተቀመጠበትን ሚዛን ባዶ ነው ብሎ ዜሮ ሊያደርገው ፈለገ። ቀይ።

ከግድግዳው ማዶ ግን ሰላም ነው። ታናሿ ሥራዋን በጊዜ ጨርሳ ኮሪደር ላይ ሻይዋን ትጠጣለች።

"ያንቺስ አያስቸግርም?" አለቻት ታላቋ።

"የኔ? ወርቅ ነው እትዬ! አንድ ቀን አስቁሜው አላውቅም።"

ታላቋ ፈገግ አለች፤ አንጀቷ ግን አረረ። ይቺ ልጅ ድሮም እንዲህ ናት። ሳታጠና ታልፋለች፣ ሳትጠራ ትጋበዛለች፣ ጸጉሯ እንኳ ያለ ማበጠሪያ ይተኛላታል። አሁን ደግሞ ማሽኑም ይታዘዝላት ጀመር።

ቅዳሜ እናታቸው ደወሉ። "ማሽኑ አስቸገረሽ አሉ። እስቲ እህትሽን ጠይቂያት የኔ ልጅ። እንዴት እንደምታደርገው ብታሳይሽ ምን አለበት?"

ታላቋ ስልኩን ዘጋችና ከንዴት ብዛት አለቀሰች።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ወደ ታናሿ ክፍል ገባች። ማንም የለም። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መልስ ይጠብቃል። ምን እንደሚል አላነበበችም፤ ዓይኗ ቀዩ ላይ ነበር። አንድ ቀይ፣ ለስሙ እንኳ አንድ ቀይ ቢኖርባት! ጣቷ ሊነካው ሲል በሩ ተከፈተ። ታናሿ በስልክ እየሳቀች ገባች፣ እህቷን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ አረንጓዴውን ተጫነችና ወሬዋን ቀጠለች። መሣሪያው ምንም አልሆነም።

"ምን ፈልገሽ ነው እትዬ?"

"ምንም። ስቴፕለር።"

ነገሩ የተገለጠላት ወደ ክፍሏ ስትመለስ ነው። ረዳቶቹ የተገጠሙ ዕለት ታናሿ ከቴክኒሺያኑ ጋር ሽር ጉድ ስትል፣ ኬብል ስታቀብል ውላለች። ጤነኛውን ለራሷ ወስዳ የተበላሸውን ለእህቷ ትታለች፤ ወይም ደግሞ ራሷ አበላሽታዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታላቋ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበች፤ የእህቷን እጅ ፍለጋ።

በወሩ መጨረሻ ዶክተሩ አስጠሯት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ነበር። በእሷ ወረቀት ላይ "ቀይ፦ ዘጠኝ" ይላል። በታናሿ ላይ "ቀይ፦ ዜሮ"።

ታላቋ መቀመጥም አልቻለች። "ዶክተር፣ እህቴ ናት፤ ግን አልደብቅዎትም። ረዳቴን አበላሽታብኛለች! ጤነኛ ረዳት ዘጠኝ ጊዜ መሣሪያ ሊያቃጥል ይነሳል?"

"አይነሳም" አሉ ዶክተሩ።

"ታዲያ ያስመርምሩልኛ! ዕቃ ማጠቢያ የምገባው በእሷ ተንኮል ነው?"

ዶክተሩ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ወደ እሷ ገፉላት።

"ዘጠኙን ስህተት የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ አረንጓዴ ቢጫኑባቸውም እንዳይፈጸሙ አድርጌ" አሉ። "ያንኑ ዘጠኝ ለእህትሽም ልኬላት ነበር።"