ኮርቻ ላይ የተገኘ ብቻ

ቆጣሪዋ ቀና ብለው ያዩኝና በእርሳስ አንድ ሰረዝ ያሰምራሉ። አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ሰረዟ ያረፈችው «እግረኛ» በሚለው ዓምድ ሥር ነው።

«ይቅርታ እናቴ፣ እኔ እግረኛ አይደለሁም።»

«በእግርሽ አይደል እንዴ የመጣሽው?»

በእግሬ ነው የመጣሁት። ብስክሌቴን እየገፋሁ። የገፋሁት ደግሞ እሳቸው ከተቀመጡበት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አረንጓዴ በተቀባው የብስክሌት መንገድ ላይ፣ አንድ ነጭ ፒክአፕ እንደ ቤቱ ተዘርግቶ ስለቆመ ነው። በግራው አውቶቡስ ይግተለተላል። በቀኙ ባለው የእግረኛ መንገድ አራት ጓደኛሞች ከግድግዳ እስከ ጠርዝ ተያይዘው ሠርግ እንደሚሸኝ ሰው ይንቀራፈፋሉ። ወርጄ ከኋላቸው ተጎተትኩ። ላብራቶሪ መግባት የነበረብኝ ከሃያ ደቂቃ በፊት ነው።

ሴትዮዋ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ በአውራ ጣት የምትጫን ትንሽ መቁጠሪያ ተንጠልጥላለች። ከጎናቸው ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሰሞኑን ሁላችንም አንብበነዋል፤ ዛሬ እስከ አስር ሰዓት ሁለት መቶ ብስክሌተኛ ካላለፈ መንገዱ ለመኪና ይመለሳል። ይህ ቀለም ሳይቀባ በፊት የአውቶቡስ መስታወት ክርኔን ሁለት ጊዜ መትቶኛል። ሦስተኛው ክርኔን ብቻ መትቶ የሚተወኝ አይመስለኝም።

«ስንት ደረሰ?»

«አስራ አንድ።»

«ጠዋቱን ሙሉ?»

«እግረኛ ግን መቶ አርባ ነው» ይላሉ፣ ለማጽናናት ያህል።

«ከመቶ አርባው ብስክሌት የሚገፋው ስንቱ ነው?»

ወረቀቱን ያገላብጣሉ። «እሱን የሚጠይቅ ዓምድ የለም። መመሪያው ‹ኮርቻ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እግሩን ከመሬት አንሥቶ በቆጣሪው ፊት ያለፈ› ነው የሚለው።»

«አስራ አንዱስ እንዴት አለፉ?»

«መኪናው ሳይቆም በፊት።»

«የማነው መኪናው?»

«የኛው መሥሪያ ቤት» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማዶ ነበር የቆመው። ፀሐይ ሲመታው ወደ ጥላው መጣ።»

ወደ ፒክአፑ እመለሳለሁ። ሾፌሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቷል። መስኮቱን ሳንኳኳ ሁለት ጣት ያህል ያወርደዋል።

«ምነው እህቴ፣ በሰላም?»

«የብስክሌት መንገድ ላይ ነው የቆምከው።»

«አውቃለሁ። ቆጣሪዋን ያመጣሁትስ ለእሱ አይደል?»

«ሰው ማለፍ አልቻለማ።»

ዓይኑን ከኮፍያው ሥር አውጥቶ መንገዱን ቁልቁል ያያል፣ ሽቅብ ያያል። «እኔ እዚህ ከቆምኩ ጀምሮ አንድም ብስክሌት የሚነዳ አላየሁም። ለምን እንደሚያነሡት አሁን ገባሽ?» መስኮቱን ይዘጋል። ግማሽ ላይ ያቆመዋል። «ደግሞ ከቆጣሪዋ ወንበር ከአስር እርምጃ በላይ እንዳልርቅ ታዝዣለሁ።»

አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ለእንዲህ ያለ ክርክር መልስ እንዳይጠፋኝ ነበር። ወደ ሴትዮዋ እመለሳለሁ።

«እሱ ካልተነሣ እርስዎ ይነሡ። በርጩማውን ከመኪናው ወዲያ ያድርጉት፤ ሰው ከብስክሌቱ ሳይወርድ ያገኙታል።»

«ኢንጂነሩ ያሰመሩልኝ ቦታ ነው፣ ልጄ።» እውነታቸውን ነው፤ አራቱ የበርጩማ እግሮች በጠመኔ ተከበዋል። «እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ቆጥሬያለሁ። መኪና ቆጥሬያለሁ፣ ሕዝብ ቆጥሬያለሁ፣ የመንገድ መብራት ቆጥሬያለሁ። አንድ ቀን አጉድለሻል ተብዬ አላውቅም።»

«ዛሬ እያጎደሉ ነው።»

አንድ ጎረምሳ ብስክሌቱን እየገፋ በፊታችን ያልፋል። እርሳሱን ወደ ወረቀቱ ሰድደው መልሰው ያነሡታል። ጎረምሳው ትንሽ እልፍ ብሎ ኮርቻው ላይ ሲወጣ ያዩታል። ጥርሳቸውን የታመሙ ይመስላሉ።

«ኢንጂነሩ ቢመጡስ?»

«በምን ይመጣሉ? መኪናቸው እዚህ ነው ያለው።»

ይነሣሉ። በርጩማውን በአንድ እጃቸው፣ ወረቀቱን በሌላው ይዘው በፒክአፑ ጎን እየቆጠሩ ይራመዳሉ። ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ይቀመጣሉ። አሁን መኪናው ከኋላቸው ነው፣ ከፊታቸው ባዶ አረንጓዴ መንገድ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ይለካና፣ ትዕዛዙ እንዳልተጣሰ ሲገባው ኮፍያውን መልሶ ይደፋል።

እኔም ብስክሌቴን እስከ መታጠፊያው ድረስ ወደ ኋላ ገፍቼ፣ ወጥቼ፣ ሁለት እግሬን አንሥቼ በፊታቸው አልፋለሁ። መቁጠሪያዋ ቀጭ ትላለች። አስራ ሁለት። ከመኪናው ጀርባ ደርሼ እወርድና ወደ እሳቸው ዞሬ እመጣለሁ።

«የቅድሟን ሰረዝ ያጥፉልኝ እንጂ።»

ላጲስ ፍለጋ ኪሳቸውን ይደባብሳሉ። ብስክሌቴን አጋድሜ ይዤ፣ ወረቀቱ ላይ አጎንብሼ፣ የትኛዋ ሰረዝ እኔ እንደሆንኩ በጣቴ ላሳያቸው እሞክራለሁ። ሁሉም ይመሳሰላሉ።

ከጀርባዬ ደወል ይጮኻል። አንዴ። ደግሞ።

«እመቤቴ፣ ለወሬ ሌላ ቦታ ጠፋ?»

ከኋላው ካርቶን የቆለለ ሰውዬ ነው። ፍሬን ይዞ፣ መሪው ግራ ቀኝ እየተንገዳገደበት፣ ቀኝ እግሩን ከፔዳሉ አንሥቷል። ጫማው ከአረንጓዴው ቀለም ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ሴትዮዋ የላጲሱን ፍለጋ ትተው አውራ ጣታቸውን መቁጠሪያው ላይ፣ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አድርገው ጫማውን ያያሉ።

ብስክሌቴን አቅፌ ወደ ጠርዙ እዘላለሁ።