በሙሉ ድምፅ

«እንግዲህ የመንገዱ ዳር ይጽዳና አበባ ይተከልበት የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ» አለ ሰብሳቢው። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። «ኑ፣ መንገዳችሁ እንዴት ይሁን ብለው ሊጠይቁን ነው» እያለች ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞራ የጠራችው እሷው ነበረች። አሁን ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሥዕል፣ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ያሳደገችበት የመንገድ ዳር ቦታ ላይ ጽጌረዳ በቅሎበታል።

እጆች አንድ በአንድ ወጡ። ትናንት ሱሪውን ያሳጠረችለት ጎረቤቷ አንገቱን ደፍቶ እጁን አነሳ። ባለሱቋ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች አነሳች። በመጨረሻ አጠገቧ የተቀመጠችው ታላቅ እህቷም አነሳች።

«እትዬ፣ አንቺም?»

«ብቻዬን ብቀር ሰው ምን ይለኛል?» አለች እህቷ በሹክሹክታ።

«የሚቃወም አለ?» አለ ሰብሳቢው። ልብስ ሰፊዋ እጇን ልታነሳ ስትል እህቷ ጭምቅ አድርጋ ያዘችውና ጉልበቷ ላይ ተጫነችው። «ተይ እባክሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂን!» ልብስ ሰፊዋ ልትታገል ከጀለች፤ ግን የእናቷ ልጅ ናት፣ እንዴት አድርጋ ትመንጭቃት? ሰብሳቢው ዙሪያውን ቃኝቶ ፈገግ አለ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ጊዜ እህቷ እጇን ለቀቀችላት፤ እንድታጨበጭብ።